በቃሬዛ የመጣችው ብስክሌት

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ሚካኤል ይመስክር ብዬ እንዳልምል ሚካኤል ራሱ በታሪኩ ውስጥ ጉዳይ አለው፤ ባለጉዳይን ምስክር መቁጠር ደግሞ በየትኛውም ሸንጎ ነውር ነው። ስለዚህ በእናቴ ጡት፣ በካቻቪቴዬ፣ ሁለት ዓመት ተቀምጬባት ባላለፍኳት በስድስተኛ ክፍልም ጭምር እምላለሁ፤ ጠብ የሚል ውሸት የለበትም። ፍኖተ ሰላም መጥታችሁ ከመናኸሪያው ጀርባ «ብስክሌት ጠጋኙ ባምላኩ የት ነው?» ብትሉ «ያ ቀጣፊው?» ብለው ነው የሚያሳዩዋችሁ። ስለ ቀጣፊው አትስሟቸው፤ ስለ ቤቱ ግን እውነታቸውን ነው፣ ተከተሏቸው።

አምና ኅዳር በገባ በዐሥረኛው ቀን ነው። አጨዳ የደረሰበት፣ መንገዱ ሁሉ ዱቄት የመሰለበት ሰሞን። አንድ የተቆለመመ ጎማ ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ ስደበድብ በቡሬ መንገድ በኩል አቧራ ተነሣ። ቀና ስል አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ይመጣል። ቃሬዛው ላይ ያለው በነጭ ጋቢ ተሸፍኗል። ከኋላው የሚከተለውን ቆጠርኩት፤ አርባ ሰባት ሰው፣ ሁለት ውሻና አንዲት ፍየል። ፍየሏ የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በእኛ አገር ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ «ማን ነው? ምን ሆኖ ነው?» አይልም። መጀመሪያ ትከሻውን ይሰጣል፤ ጥያቄው ቀስ ብሎ ይደርሳል። አጫጁ ማጭዱን ነዶ ላይ ሰክቶ ይመጣል፣ ገበያተኛው አህያውን ለማያውቀው ሰው አደራ ሰጥቶ ይመጣል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል፤ የተተካውም ከመንገድ መመለስ ስለሚያፍር ከኋላ ይከተላል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የመጣ ቃሬዛ እንግዲህ ከተማ ሲገባ ክተት የታወጀ ነው የሚመስለው። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ጤና ጣቢያው ጋ ሲደርሱ ዘበኛው ሳይጠየቅ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶላቸዋል። ቃሬዛው ግን አልገባም፤ አለፈ። ጤና ጣቢያ ያለፈ ቃሬዛ የሚሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ከዚያ ጀምረው ለቅሶውን ከፍ አደረጉት።

እኔ ደጃፍ ላይ አወረዱት። ከፊት የሚመራው ረጅም፣ ቀጭን ሰው ጋቢውን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ገለጠው፤ የተኛ ሕፃን የሚገልጥ ይመስል። ብስክሌት ናት። የኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ ከነመብራቷ ከነኮርቻዋ፣ በመጫኛ ታስራ ተጋድማለች።

ፍየሏ ቀርባ ጎማዋን አሸተተች። ከዚያ ታንጉት የሚባሉ ባልቴት ነጠላቸውን ከዐይናቸው ላይ አንሥተው «እኔ ከድልድዩ ጀምሬ አልቅሻለሁ» አሉ። «አሁን እንባዬን ማን ይመልስልኝ?»

ረጅሙ ሰው ክንዱ ይባላል፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ፊት ለፊት አያ ክንዱ ነው የምለው። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቄስ ክንፈሚካኤልን በቅሎ የጠበቀ ሰው ነው። በቅሎዋ ሰኔ ላይ በእርጅና ሞተች። የቄሱ ልጅ እህተ ማርያም ባሕር ዳር አስተማሪ ናት፤ የአባቷን የጉልበት ሕመም ስለምታውቅ ለዘመን መለወጫ ይህችን ብስክሌት ላከችላቸው። ክንዱም ሰኔ ላይ ባለቤት ያጣውን ፍቅሩን ሁሉ ወደ እሷ አዞረው። ገብስ አላበላትም እንጂ ያላደረገላት ነገር የለም። በቃሬዛ ያመጣትም ለዚህ ነው፤ ሰዎቹ እየገፋን እንውሰዳት ሲሉት የታመመ ከብት አይነዳም ብሎ እምቢ አላቸው።

እንግዲህ አርባ ሰባት ሰው ፊት ቆሜ ዝም ብዬ ብስክሌት ልጠግን? ሰይጣኔ አይፈቅድልኝም። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሞተሯ ላይ ለጠፍኩ። ጎማዋን በሁለት ጣት ይዤ የልብ ትርታዋን ቆጠርኩ። ምላሷን ልይ ልል ስል አፍ እንደሌላት ትዝ አለኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የበላችው መቼ ነው ብዬ ክንዱን ጠየቅሁት። እሱም ከልቡ አስቦ፣ ትናንት ማታ ቻርጅ አድርጓት እንዳደረች፣ መብራቷ እንደሚበራ፣ ግን አንድ እርምጃ አልራመድ እንዳለች ነገረኝ። ሕዝቡ በሳቅ ተንከተከተ። ታንጉት ከድልድዩ ጀምረው ያፈሰሱትን እንባ ያህል ሳቁ። ክንዱ ብቻ አልሳቀም። መሪዋን እንደያዘ በጋቢው ጫፍ አቧራዋን ይጠርግ ነበር። ያኔ ነው ቀልዱ አፌ ውስጥ የመረረኝ።

ሰዉ ሲበተን ቄስ ክንፈሚካኤል ደረሱ። ከቃሬዛው ጋር እኩል ነበር የተነሡት፤ እስከ አስፋልቱ ሲያነክሱ ቃሬዛው ቀደማቸውና በባጃጅ ነው የመጡት። መስቀላቸውን ተሳልሜ በርጩማ ሰጠኋቸው። ነገሩን እየተነፈሱ ነገሩኝ። የሚኖሩት ከቡሬ መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር ነው፤ የሚያገለግሉበት ደብር ዝግባ አፋፍ ሚካኤል ግን ባጃጅ የማይወጣው ዳገት ላይ ነው፣ በደኅና እግር የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ። እዚያ ሌላ አንድ ቄስ ብቻ አለ። ያለ ሁለት ቄስ ደግሞ ቅዳሴ አይቀደስም። መስከረምን በብስክሌቷ ከዲያቆናቱ ቀድመው ሲደርሱ ከረሙ። በጥቅምት መነጫነጭ ጀመረች፤ ሁለት እሑድ መንገድ ላይ ቆመችባቸው፣ ሁለት እሑድ ሕዝቡ ሳያስቀድስ ወደየቤቱ ተመለሰ።

በዚህ የተነሣ የደብሩ ሽማግሌ አቶ ሃይለ ሚካኤል ቤታቸው ድረስ መጥተው በትሕትና እንዲህ ብለዋል። ለኅዳር ሚካኤል፣ ለዓመቱ ክብረ በዓል፣ የደምበጫ ቄስ ተጠርተዋል። አባታችንን ለአንድ ቀን ሰው ደግፎም ተሸክሞም ያመጣቸው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውስ እሑድ ሁሉ? ስለዚህ በዚያ ጠዋት በራሳቸው ከደረሱ ደብሩ የእሳቸው ነው፤ ካልደረሱ የደምበጫው ቄስ ይረከባሉ፣ እሳቸውም ይረፋሉ። በዓሉ ከነገ ወዲያ ነው።

«ይረፉ አሉኝ» አሉ ቄሱ በትራቸው መሬቱን እየነካኩ። «ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። እኔ እኮ ደክሞኝ አያውቅም፣ ባምላኩ፤ የደከመው ጉልበቴ ነው።»

እዚህ ላይ የሠራሁትን አልደብቅም። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከዚያ በፊት ጠግኜ አላውቅም። አላውቅም ማለት ደግሞ እንደ እኔ ላለ ሰው ከጥርስ መንቀል ይብሳል። ቁልፏን አዞርኩ፤ መሪዋ ላይ ያለው መብራት በራ። እጀታዋን ጠመዘዝኩ፤ ሞተሯ ዝም። ደግሜ ጠመዘዝኩ፤ ዝም። ያኔ ፊቴን አኮሳትሬ ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ፤ ድምፄ ግን የሊቅ ድምፅ ነበር።

ቄሱ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እንግዲህ በቅሎዋም ሞተች፣ ይህችም ሞተች» አሉ። «ተረኛው እኔ መሆኔ ነው።» ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር። ከቁጣ ይልቅ ያ ፈገግታ ነው ያሳመመኝ።

ክንዱ ግን አብሯቸው አልተነሣም። እሳቸውን ባጃጅ ላይ አሳፍሮ ተመለሰና ፊቴ ቆመ።

«ሞታለች ካልክ ሞታለች፤ አንተ ነህ የምታውቅ» አለኝ። «እንዲህ እንደቆሸሸች ግን አልወስዳትም። ሰውስ ቢሆን ሳይታጠብ ይቀበራል?»

በማግስቱ ጠዋት ከተማው ለኅዳር ሲታጠን ጓሮውን ሁሉ ጠርጎ በየደጁ ቆሻሻ ይከምራል። እኛም ከመጠገኛዬ ፊት ብስክሌቷን ልናጥብ ተቀመጥን፤ እሱ ለፍቅር፣ እኔ ለይሉኝታ። ክንዱ ጀሪካን ሙሉ ውኃ አንሥቶ ሊደፋባት ሲል እጁን ያዝኩት። ለካ በየማታው ወንዝ አውርዶ እስከ ሆዷ ውኃ ውስጥ ሲያቆማት ኖሯል፤ በቅሎዋ እንደዚያ ነበር የምትወድ። ሞተርና ሽቦ ያላት ፍጡር አትጠመቅም፣ በራሰ ጨርቅ ነው የምትታበስ አልኩት። ይህን እንኳ አውቃለሁ። ከሁሉ በፊት ባትሪዋን በቁልፍ ፈትቼ ሳወጣው ክንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ከመታጠብ በፊት ኮርቻ ይወርዳል፣ ይህማ ገባኝ አለ።

ካቴናዋ ጋ፣ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት ጋ ስደርስ ደነገጥኩ። ካቴና አልነበረም፤ የተመረገ ግድግዳ ነው። ቅቤ፣ በቅቤው ላይ አቧራ፣ በአቧራው ላይ ገለባ፣ እንደገና ቅቤ። በኋላው ጥርስ መካከል አንዲት ጤፍ በቅላ፣ ሦስት ቅጠል አውጥታ ቆማለች። ክንዱ ከነሥሯ ነቅሎ ከደጄ አፈር ላይ ተከላት። ነገሩን ያስረዳኝም ሳያፍር ነው። የበቅሎ ልጓምና ጠፍር በቅቤ ሲታሽ ነው የሚለሰልሰው፤ ስለዚህ ካቴናዋንም፣ የፍሬኗን ገመድም፣ ሽቦዎቿንም በየማታው በለጋ ቅቤ ያሻል። ረቡዕና ዓርብ ግን የቄስ ብስክሌት ናትና በኑግ ዘይት ነው። አንድም ቀን ጾም አላስገደፋትም።

ሳቄ እስከ ጉሮሮዬ መጥቶ ተመለሰ።

ላምባ በጣሳ ቀድቼ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሰጠሁት። ብሩሹ ከካቴናው ዐይኖች መካከል አልገባ ሲለው ከኪሱ የወይራ መፋቂያውን አወጣና ጫፉን በጥርሱ አሹሎ እያንዳንዷን ዐይን ለየብቻ ይፍቅ ጀመር። መቶ ምናምን ዐይን አላት። እኔ ብሆን ዐሥረኛው ላይ በቅቶኝ ነበር። እሱ ግን አንዷንም ሳይዘል ዞራት። ከዚያ ፈጽማ እስክትነጣ አብሶ፣ እኔ የማሽን ዘይት በየዐይኗ አንድ አንድ ጠብታ አደረግሁላት፤ ትርፉን መልሰን ጠረግነው። ዘይት ከውስጥ ነው የሚጠቅም፣ ከላይ የቀረው አቧራ መጥሪያ ነው አልኩት። ክንዱም የበቅሎ ቅባት እንደዚያው ነው፣ ቆዳው ካልጠጣው ዝንብ ይሰበስባል አለ። ያኔ ከእኔ የተሻለ መምህር ፊት እንደተቀመጥኩ ጠረጠርኩ።

ከካቴናው ወደ ሽቦዎቹ አለፈ። ዐይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ነው የሚሄድባቸው፤ በቅሎ እግር ላይ መዥገር እንደሚፈልግ ሰው፣ ቅቤውን በጨርቅ እየገፈፈ፣ ከመሪዋ ጀምሮ ቀስ ብሎ ወደ ታች። ከፍሬን መያዣው ሥር አንድ ስንዝር ሳይሞላ ቆመ።

«እዚህ ተነክሳለች» አለ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። የአይጥ ጥርስ ነው። አይጥ ምን ያድርግ፤ ከምታድርበት ጎተራ ሥር በየማታው ቅቤ የተቀባ ሽቦ ሲያገኝ ድግስ የተጠራ መስሎታል። የሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ልብስ ተገፎ፣ መዳባቸው ወጥቶ፣ በቅቤና በአፈር ተለጣጥፈዋል። ሽቦዎቹ ከፍሬኑ የሚመጡ ናቸው። ፍሬን ሲያዝ ይነካኩና ሞተሩን ዝም ያሰኙታል፤ ሲለቀቅ ይለያያሉ። እነዚህ ግን እንደተነካኩ ቀርተዋል። በጥቅምት አንዳንዴ ነበር የሚነካኩት፤ አሁን ጨርሰው ተጣብቀዋል። ብስክሌቷ ታዲያ ሌት ተቀን ፍሬን የተያዘባት ይመስላታል።

ይህን ለክንዱ ሳስረዳው አንገቱን ወደ ጎን ጣል አድርጎ አየኝ። «ልጓሟ እየተሳበ ነው እንዴ ሂጂ የምትባል?» አለ።

ሽቦዎቹን አጸዳሁ፣ ለየብቻ በናስትሮ ጠቀለልኳቸው። ባትሪዋን መለስን። ክንዱ ኮርቻዋን ይዞ የኋላ ጎማዋን ከመሬት አነሣልኝ። እጀታዋን በትንሹ ጠመዘዝኩ። ጎማው ያለ ምንም ድምፅ ዞረ፤ እንደገና ዞረ፤ ከዚያ ዐይን እስኪያጭበረብር ተሽከረከረ። ክንዱ በአንድ እጁ ይዟት በሌላው አማተበ። እኔ ደግሞ ሞተሩ ተቃጥሏል ያለውን ሰው ፈልጌ ልጣላው አሰኘኝ። ሞታለች ያልኳት ብስክሌት ለቀብሯ ስትታጠብ ተነሣች፤ የተገኘው ሕመም ሁሉ ከቆሻሻው ሥር ነበር።

ከሰዓት በኋላ እኔ ተቀምጬባት ክንዱ ኮርቻዋን ይዞ ከጎን እየተራመደ ወደ መንደሩ ወጣን። መንገድ ላይ የትናንት ተሸካሚዎች ከየእርሻቸው ቀና ብለው አዩን። ታንጉት ከነዶው መካከል ወጥተው አስቆሙንና፣ እኔንም ክንዱንም ሳይሆን መሪዋን እየዳበሱ «እንኳን እግዜር ማረሽ» አሏት። ለእንባቸውም ይቅርታ አደረጉ።

ቄስ ክንፈሚካኤል ብስክሌቷን ሲያዩ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ የሞተሩን ነገር እኔ ከራሴ እንደፈጠርኩት ጭምር። ስለ ቅቤው ሲሰሙ ወደ ክንዱ ዞሩ።

«ይህን ማን መከረህ?» አሉት።

ክንዱ አንድ ጊዜ እኔን አየኝ። «ከገዛ ራሴ ነው፣ አባ» አለ።

«ረቡዕና ዓርብስ?»

«ረቡዕና ዓርብ በኑግ ነበር።»

ቄሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ብቻ ሲንቀጠቀጥ አየን፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። ዘወር ሲሉ ዐይናቸው እርጥብ ነበር፣ ጢማቸው ግን ይስቃል።

በበዓሉ ዕለት እኔና ክንዱ በእግር ቀድመን ወጣን። ገና ሲነጋጋ ዝግባ አፋፍ በር ላይ ነበርን። አቶ ሃይለ ሚካኤል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቁልቁል ያያሉ። የደምበጫው ቄስ ከጎናቸው ቆመዋል፤ መስቀላቸውን ይዘው፣ የሰው ቤት ሳይጠሩ የገቡ ያህል ተሸማቀው። ክንዱ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልይ፣ የጎማዋን ንፋስ ይገምት፣ አላውቅም። ጎማዎቿን በአውራ ጣቱ ሦስት ጊዜ ተጭኖ አይቶ ነው ከቤት የወጣው።

ድምፅ የላትምና መምጣቷ አልተሰማም። መጀመሪያ የታየን ከስንዴው በላይ የሚንሳፈፍ ነጭ ጥምጣም ነው። ጥምጣሙ ዞረ፣ ከዝግባዎቹ ኋላ ጠፋ። የመጨረሻው ዳገት እዚያ ነው፤ ሁለቱንም እሑድ የቆመችው እዚያ ላይ ነበር። ክንዱ ትንፋሹን ያዘ፤ እኔም ያዝኩ። ሳንባዬ ሊፈነዳ ሲል ቄስ ክንፈሚካኤል ከዝግባው ወጡ፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትራቸው ከኋላቸው ታስሮ፣ ልብሳቸው ሳይዛነፍ።

አቶ ሃይለ ሚካኤል ወደፊት ሄደው መስቀል ተሳለሙ። «አባታችን፣ ዲያቆናቱ ገና አልተሰበሰቡም» አሉ። «ቀደሙን እኮ።»

የዚያን ዕለት በሦስት ቄስ ተቀደሰ። ከቅዳሴ በኋላ የደምበጫው ቄስ ብስክሌቷን ሁለት ጊዜ ዞረው አዩና በእሳቸውም አጥቢያ አንድ ክፉ ዳገት እንዳለ ነገሩኝ። ቄስ ክንፈሚካኤል እቤት ሲደርሱ ባትሪዋን ወዲያው ቻርጅ ላይ ልሰካው አልኩ። ክንዱ ከለከለኝ። ላብ ያላት በቅሎ ገብስ አይሰጣትም፣ መጀመሪያ ትብረድ አለ። ልክ ነው፤ ትኩስ ባትሪ አይሰካም። አንድ ባሕር ዳር የተማረ ሰው ነግሮኝ ረስቼው ነበር።

አሁን ብስክሌቷ ግድግዳ ላይ ከፍ ብላ ትሰቀላለች፣ አይጥ አይደርስባትም። ክንዱ በየማታው በራሰ ጨርቅ ያብሳታል፣ በደረቅ ይደግማታል፣ ሽቦዎቿን በጣቱ ይዳብሳል። ቄሱ እስከ ዛሬ አንድም እሑድ አልቀሩም። እኔም ወር በገባ በዐሥራ ሁለት፣ በሚካኤል፣ ዘጠኙን ኪሎ ሜትር በእግሬ ወጥቼ ካቴናዋን በላምባ አጥባለሁ። የከተማው ሰው ምን ልትሠራ ትሄዳለህ ሲለኝ ለአየሩ ነው እላለሁ።

በእናቴ ጡት ስለማልኩ ግን አንዲት የፈጠርኳት ነገር አለች፤ እሷን ልመልስ። ክንዱን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት ያልኩት ሐሰት ነው። መስከረም ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ባርኔጣውን አውልቆ ደጄ ላይ ቆሞ ነበር። የዚህች የአዲሷን ካቴና ምን ልቀባት ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ከቦኝ ነበር። በቅሎ ጠባቂ ሆነህ ይህ ይጠፋሃል፣ ለጋ ቅቤ ነዋ፣ ሽቦውንም ሳትረሳ አልኩት። ሰዉ ሳቀ። እሱ አመስግኖኝ ሄደ። ይህን ለቄስ ክንፈሚካኤል ተናዝዣለሁ፤ በየሚካኤሉ በእግር መውጣቴ የእሳቸው ቀኖና ነው። ረቡዕና ዓርብ በኑግ ዘይት መቀባቱ ግን የክንዱ ነው፤ ያን ያህል እኔም አልችልበትም።